በሙከራው ውሃ ላይ ስለተገኘው ቅባት

ለኬሚካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 11
ጉዳዩ፦ በእህቴ ልጅ ላይ የተመዘገበው ጥፋት የእኔ ስለመሆኑ እና ሙከራው እንዲደገም ስለመጠየቅ

የተከበሩ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች፣ በክፍልዎ በተባባሪ ፕሮፌሰርነት የምታስተምረው መምህርት አጎት ነኝ። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ የውሃ ፓምፕ ጥገናን ፈትቼ እየገጠምኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

2. የእርሷ ሙያ የኮሎይድና የገጽታ ሳይንስ ይባላል። እንደገባኝ፣ ስቡ ከወተት ለምን ቶሎ እንደማይለይ፣ ውሃና አየር በሚገናኙበት ድንበር ላይ ምን እንደሚሆን ማጥናት ነው። ዕድሜዋን የሰጠችውም የግድብ ውሃ በፀሐይ እንዳይተን የሚከላከል፣ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ለመሥራት ነው። እኔ ግን ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «የአረፋ ዶክተር» እያልኩ አሾፍባታለሁ። እርሷም ከማንም በላይ ትስቃለች።

3. ባለፈው ሐሙስ ገምጋሚዎች ለማዕረግ ዕድገቷ ሥራዋን ሊያዩ ሲመጡ እኔንም ጋበዘችኝ። ሽፋኑ ተዘርግቶ የሚለካበትን ዝርግ የውሃ ሳህን ከማለዳ ጀምራ በጓንት ስታጥብና ስታለቀልቅ አየሁ። የሰው ጣት ቢነካው ቅባቱ በውሃው ላይ ተዘርግቶ ልኬቱን እንደሚያበላሽ ነገረችኝ። እኔም ማጋነን መሰለኝ። እንግዶቹን ልትቀበል ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ፣ ያው አመሌ ተነሳና ፀጉሬን ቅባት የተቀባሁበትን ጣቴን ሳህኑ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ትንሽ ግራ ሲገባት አይቼ፣ በኋላ ነግሬያት ልንስቅ ነበር።

4. ልኬቱ ገና ከጅምሩ ተዛባ፤ ሽፋኑም አልዘረጋ አለ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሳህኑ ታጥቦ እንደሆነ ጠየቋት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። እርሷም ወደ እርሳቸው ዞራ፣ «በደንብ ሳላጥበው ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ሳህን ማጠብ ለጀማሪዎች የምታስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ተማሪዎቿ አንገታቸውን ደፉ።

5. የዕድገት ጥያቄዋ «በጥንቃቄ ጉድለት» ውድቅ ሊደረግ መሆኑን ከባልደረባዋ ሰማሁ። እርሷ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ትናንት ደውላ፣ ጋሼ ምነው ጠፋህ፣ ማን ይቀልድብኝ አለችኝ። ኔትወርክ የተቋረጠ አስመሰልኩ።

ስለዚህ ጥፋቱ ከስሟ ተነስቶ በእኔ ላይ እንዲጻፍ፣ ሙከራውም እኔ በሌለሁበት እንዲደገም በትሕትና እለምናለሁ። ሆኖም ይህን ወረቀት ብቻ ተቀብለው እንዳያሰናብቱኝ። እነዚያው ገምጋሚዎችና ተማሪዎቿ ባሉበት ያስጠሩኝ፤ ሐሙስ ዕለት የዋጥኩትን እርሷ እየሰማች ልናገር። ሽማግሌ ነው፣ ተዉት ብላ ትለምንዎት ይሆናል። እባክዎ፣ በዚህ ነገር እንዳይሰሟት።

ከይቅርታና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የመምህርቷ አጎት
(ፊርማ)