የገንዳው ጠርዝ ሁለቴ ሲንኳኳ

ውድ የገንዳ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስኳሩስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት የጎረቤቴን ነገር ልንገርሽ፤ እትዬ ጭልፋ በጠና ታማለች። አዎ፣ ያቺው የሆስፒታላችን ዋና ምግብ አብሳይ፣ ጭልፋ ከእጇ የማይለየው፣ ስሟ ሲነሳ ተነስተሽ የምትሄጂው። ጉበቷ ነው ይላሉ። እነዚያ ትልቁን ድስት እንደ ሲኒ ያነሱ የነበሩ ክንዶቿ ዛሬ ብርድ ልብስ መግፈፍ አቅቷቸዋል። ትልቁ ልጇ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ፣ ሳምንት ሰንብቶ ተመለሰ። ትንሿ፣ አስተማሪዋ፣ አብራት አለች። እኔ የከሰዓት ተረኛ ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት እናትየውን የምጠብቃት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ትራሷን ሳስተካክልላት እጄን ያዘችኝ። «ያቺ ጓደኛሽ ‹እጅሽ ይድረቅ› ብላ ረግማኝ አልነበር? ይኸው ደረቀ» አለችኝ፤ ክንዷን እያሳየች። «ምን እንዳደረግኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳልሞት እርግማኗን ታንሳልኝ።»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ» አልኳትና የጠጣችበትን ብርጭቆ ይዤ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። አንዲት ብርጭቆ ሳጥብ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ያቺ ብርጭቆ ናት።

ታስታውሻለሽ አይደል፤ አንቺ በሳሙናው ገንዳ፣ እኔ በማለቅለቂያው። አሥራ አንድ ዓመት ክንድ ለክንድ እየተነካካን የሦስት መቶ በሽተኛ ሳህን! የባልሽን ኩርፊያ፣ የልጆቼን ኩፍኝ፣ የኃላፊውን የእግር ሽታ ሳይቀር እዚያው አብረን እናጥበው ነበር። «ሳህን በጣት ሲታሽ ካልጮኸ አልጠራም» ስትዪ፣ «እንግዲያው ባልሽ ከሁሉም የጠራ ነው» እልሽ ነበር። ስትስቂ አረፋው ቅንድብሽ ድረስ ይረጭ ነበር።

ከዚያ ስኳሩ ጣቶችሽን አደነዘዘ። የጋለ ክዳን ይዘሽ ወሬሽን ስትቀጥዪ፣ የተቃጠለ ቆዳ ሲሸተን ነው ያወቅነው። እትዬ ጭልፋ ቅባት ቀብታ አሰረችልሽና «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለች። እኛም ብልሃታችንን አበጀን። ገንዳው ሲሞላ መጀመሪያ እጄን የምከተው እኔ ነኝ። ውሃው ለእጅ የሚሆን ከሆነ ጠርዙን በማንኪያ ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ የሚፋጅ ከሆነ አንዴ። ሁለቴ ስሰማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገባው ትዪ ነበር። ኃላፊው እንኳ «እናንተ ደግሞ ከበሮ ጀመራችሁ?» እያለ ያልፍ ነበር።

የእቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሲመጣ የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ቀድመሽ የተቀጠርሽው አንቺ ነሽና ቦታው ያንቺ ነበር። እኔም ጉንጭሽን ስሜ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬሻለሁ። በማግስቱ አንቺ ሐኪም ጋ ስትሄጂ፣ እኔ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ጣቶቿ አይሰማቸውም» አልኩት። «ከማሽኑ የሚወጣው ሳህን ይፋጃል፤ ትቃጠላለች።»

«በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

«ከዚህ በፊትም ተቃጥላለች። ቁስሏን ያሰረችላት እትዬ ጭልፋ ናት።»

አየሽ፣ ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ለራሴ «አዝኜላት ነው» አልኩ። ሳህኑ በእርግጥ ይፋጃል፤ እኔም ስንቴ ተልጫለሁ። ግን እህቴ፣ ለእጅሽ ብቻ አዝኜ ቢሆን ኖሮ የምነግረው ላንቺው ነበር። ባሌ ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር፤ ሁለቱ ልጆች አንገቴ ላይ ናቸው። ፈራሁ። ፈርቼ ጉሮሮሽን ዘጋሁ።

ኃላፊው «ቁስልሽን ያሰረችልሽ ሰው አለች አሉ» ብሎ ከሥራ ሲያሰናብትሽ፣ አንቺ ማንን ትጠረጥሪ? ሽርጥሽን ወርውረሽ በሁላችን ፊት «ያሰረኝ እጅሽ ይድረቅ!» አልሻት። እትዬ ጭልፋ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ የማሽኑን አሠራር የሚያሳየኝን ሰውዬ የምሰማ መስዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። በሩ ላይ ስትደርሺ ዞረሽ፣ «እዚህ ቤት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አልሽኝ። ስድስት ዓመት ይህን ቃል ይዤ ነው የምተኛው።

ስለ ማሽኑ አልዋሽሽም፤ ጥሩ ያጥባል። ከእኛ ይሻላል ብል ይቅር በዪኝ፤ ሳህኑ ሁሉ ይጮኻል። ግን ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ባያጓራስ ከማን ጋር ላውራ? ባለፈው ወር ተበላሽቶ ሁለት ቀን በእጄ አጠብኩ። ገንዳውን ሞላሁ፣ እጄን ከተትኩ፣ ሳላስበው በማንኪያ ጠርዙን ሁለቴ አንኳኳሁ። ከዚያ ቆሜ ጠበቅኩ። ምን እንደጠበቅኩ እግዜር ይወቀው።

እኔን ይቅር በዪኝ ብዬ አልለምንሽም። እርግማኑን ከእትዬ ጭልፋ ላይ አንሽና ወደ ባለቤቱ መልሺው፤ አድራሻዬን ታውቂዋለሽ።

እዚህ ስደርስ በሩ ተንኳኳ። አስተማሪዋ ናት።

«እማዬ ዛሬ ውሃም አልወርድ አላት» አለችኝ። «‹ያቺ ሴት ላከች ወይ?› ትላለች። ምን ልበላት?»

«ይሄን አንብቢላት» አልኳት፤ «ከዚያ አሽገሽ ፖስታ ቤት ጣይልኝ።»

«የሰው ደብዳቤ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ለሷም ነው የተጻፈው።»

ወረቀቱን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ ይህችን እስክጨርስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «እማዬ የምትለው ካላት ልጻፍበት?» አለችኝ። ጻፊበት አልኳት። ከታች አራት መስመር ትቼላታለሁ።