የማድረቂያዋ ገመድ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 22 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ እናት፣ ከወለደችኝም ለይቼ ለማላያት እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን በዚህ ክረምት መግቢያ እንዴት አደረገዎት? ጌዶ ዝናቡ ቀድሞ እንደገባ ሰምቻለሁ። እርሻው ተጀመረ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። የቀረውን እየነገርኩዎት እሄዳለሁ።

የላኩልኝ ማር ደርሶኛል። ክዳኑን ግን እስካሁን አልከፈትኩትም። ማሩን ያመጣው ሹፌር መልእክትዎንም አንድ ቃል ሳያስቀር ነግሮኛል። ጥፋቱን በራሴ ላይ ወስጄ ልጅዎን ዋቅሹማን ከእስር እንዳስፈታሁ ሰምተው መርቀውኛል። የሥራ ባልደረባችንን ሠርካዲስን ደግሞ ወሬውን ያወጣችው እሷ ሳትሆን አትቀርም ብለው ረግመዋታል። ቀጥለውም ልጄን የጠቆመው ማን እንደሆነ አንተ ሳታውቅ አትቀርምና ንገረኝ፣ ከማን መጠንቀቅ እንዳለብን እንወቅ ብለዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ነው።

የሥራ ቦታችንን አይተውት አያውቁምና ከመነሻው ልንገርዎት። ከጌጃ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ድሮ የአንድ ጣሊያን የነበረ፣ ዛሬ የመንግሥት የሆነ የልብስ ማጠቢያ ነው። የሆስፒታል አንሶላና የሚሊሺያ ልብስ ይመጣልናል። ዋቅሹማ የሚሠራባት ማድረቂያ እርጥቡን ልብስ በሆዷ እያሽከረከረች በኤሌክትሪክ ሙቀት የምታደርቅ፣ ቁመቷ ከሰው የሚበልጥ መኪና ናት። እኔ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ሠርካዲስ ተኳሽ ናት፤ የደረቀውን እየወሰደች ትተኩሳለች።

በመጋቢት መጨረሻ ዋቅሹማ ወደ ጥገና ክፍሌ መጣና በሩን ዘጋ። ማድረቂያዋ ስትነካ እንደምትነዝር ነገረኝ። ያን ሰሞን ስለ መንግሥት ንብረት ክፉ መናገር ያስፈራ ነበርና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺ መኪና አንድ ቀን ሰው ትገድላለች» አለኝ። ከሁለታችን ሌላ ማንም አልነበረም። እኔም በእርጥብ እጅህ ነክተሃት ነው ብዬ ሸኘሁት። በልቤ ግን፣ በሩን ምን አዘጋው? አልኩ። በዚህ ዘመን በር የዘጋ ሁሉ ይጠረጠራል፣ እማዬ።

ከዚያ በአንድ ቅዳሜ፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ የረሳሁትን ካቻቢቴ ልወስድ ስመለስ፣ ዋቅሹማን ከማድረቂያዋ ሥር ተንበርክኮ አየሁት። ቢላዋ ይዟል። ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩትም። ኮቴዬን አጥፍቼ ወጣሁ።

ሚያዝያ 16 ቀን፣ ለሜይ ዴይ ሰልፍ የሚለበሰው የሚሊሺያ ልብስ ተከምሮ ሳለ፣ ሠርካዲስ በእርጥብ እጇ የማድረቂያዋን ጎን ያዘች። ኤሌክትሪኩ ይዞ አልለቃት አለ። ዋቅሹማ በደረቅ ጆንያ ጠልፎ ጎትቶ አላቀቃት። በሕይወት ተረፈች፤ የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ግን ተቃጠሉ። ወዲያው ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሁለት ሳምንትም ተኛች።

በማግስቱ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። መኪናዋን በወረቀት አሸጉና የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አሉ። ሰልፉ እንዲሰናከል የታሰበ ነው ተባለ። ሁላችንንም በግቢው አሰልፈው፣ መብራት የሚነካው ማነው ብለው መጀመሪያ እኔን ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠሩኝ። አንደኛው ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል። ጠያቂው ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አድርጎት ነበር። ገመዱን ያሰርክ አንተ ነህ፣ ሌላ ማን ነካው? አንተ ካልሆንክ ማነው? አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ወጣሁ። ከእኔ ቀጥሎ ማንንም አልጠሩም። ተሰልፈን ከቆምንበት ዋቅሹማን ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰሞን አያድርስ። ሰው ምሳውን ለየብቻው ይበላ ጀመር። አንዱ ሲያስል ሌላው ዞሮ ያየዋል። እኔም ቢላዋውንና የተዘጋውን በር እያሰብኩ፣ ሰውየው ነገር ነበረው ማለት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ነው የምነግርዎት፤ ከልቤ ጠርጥሬው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን እሽጉ ተነሣና ገመዱን እንድቀይር ታዘዝኩ። ከአብነት ሰፈር፣ ከሁመድ ሱቅ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ወፍራም ገመድ ገዝቼ መጣሁ። መጀመሪያ መሰኪያውን ነቀልኩ። ፊውዙንም አውጥቼ ማንም እንዳይመልሰው ኪሴ ከተትኩት። መብራት እንደሌለ በቴስተር አረጋገጥኩና የጀርባዋን ቆርቆሮ ፈታሁ።

እማዬ፣ በዚያ ገመድ ላይ የቢላዋ ምልክት አልነበረም። ገመዱ ወደ ሆዷ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ የሚይዘው መቆንጠጫ የለም። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ገመዱን እየፋቀው ሽቦው ተራቁቷል፤ አካሏንም ነክቷል። እንዲህ ሲሆን ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ወስዶ ፊውዙን የሚያቃጥለው ሦስተኛው ሽቦ ነው። ሦስተኛ ሽቦ ግን አልነበረም። ገመዱ ባለ ሁለት ነው። ጫፉ በቀይ የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ተጠቅልሏል። ጥር ላይ ጥቁሩ ናስትሮ አልቆብን ቀዩን ከቤቴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባለ ሦስቱ ከግምጃ ቤት ጠፍቶ፣ ለጊዜው ይሁን ብዬ ባለ ሁለቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። መቆንጠጫውንም ለቀጭኑ ገመድ ስለሰፋብኝ ጥዬዋለሁ። ከዚያም ረሳሁት።

ጎንበስ ስል ደግሞ ከማድረቂያዋ ፊት፣ ሠራተኛ ቆሞ ልብስ በሚያወጣበት ቦታ፣ በልኩ ተቆርጦ የተነጠፈ የመኪና ጎማ አየሁ። የቢላዋው ሥራ ይኸው ነበር። አላምነው ስል ልጅዎ፣ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና፣ የሰዉን እግር ከሲሚንቶው ሊያርቅ ጎማ ይቆርጥ ነበር። ሠርካዲስ የያዘቻት ጎማው በማይደርስበት በጎን በኩል ቆማ ነው።

አሮጌውን ገመድ ነቅዬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ከዚያ እንደሚገባው ሠራሁት። የመሬቱን ሽቦ ከሁለቱ አስረዝሜ ቆረጥኩት፤ ገመዱ አንድ ቀን ቢጎተት መጨረሻ የሚለቀው እሱ እንዲሆን ነው። ከመኪናዋ አካል ላይ ያለውን ቀለም ፍቄ በብሎን አጠበቅኩት። አዲስ መቆንጠጫ አሰርኩ፤ ገመዱን በሁለት እጄ ስቤ እንደማይነቃነቅ አየሁ። አካሏ ከመሬት መገናኘቱን ለካሁ። ክዳኑን ገጥሜ ፊውዙን የመለስኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሮጌውን ገመድ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ወልደገብርኤል አሳየሁት። አየውና በሩን ራሱ ዘጋው። መዝገቡ ተከፍቷል፣ ገመዱን እሳት ውስጥ ጨምረው፣ አንተም ልጆች አሉህ አለኝ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ከፍተኛው ሄድኩ። ሦስት ቀን አቆዩኝ። ቸልተኝነት ነው ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ከጥገናም ወደ ልብስ ማጠፊያ አዛወሩኝ። ዋቅሹማ ግንቦት 6 ቀን ተፈታ።

ሲወጣ በር ላይ ጠበቅኩት። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ነበር። አንገቴን አቅፎ አለቀሰ፤ ወንድሜ አንተ ባትኖር አልቆልኝ ነበር አለኝ። እየሄድን ሳለ ምርመራው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳነበቡለት አጫወተኝ። ይቺ መኪና አንድ ቀን ሰው ትገድላለች ብለሃል አሉት። ማን ሰማኝ? እያለ ራሱን ይጠይቃል። ለሠርካዲስ ሳልነግራት አልቀርም፣ ተኳሾች ወሬ አይቋጥሩም አለኝ። ያኔ ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር። የታክሲ ጥሩምባ ጮኸና መንገድ ተሻገርን።

አሁን ሠርካዲስ በግራ እጇ መተኮስ እየለመደች ነው። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ ትለዋለች፤ አይመልስላትም። ምን እንዳጠፋች እኔን ጠየቀችኝ። ከሞት ያወጣት ሰው ለምን እንደጠላት አልገባትም። እባክዎ እርግማንዎን ከእሷ ላይ ያንሡላት። ሰዎቹ በመጡ ቀን እሷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እነሱም በዚያ ቀን ጠርተው ያናገሩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከማን እንጠንቀቅ ላሉኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ዋቅሹማ ነገ ለዓመት ፈቃዱ ወደ እርስዎ ይመጣል። ይህን ደብዳቤም፣ ማርዎንም እንዳለ የማስይዘው ለእሱ ነው። ምን ጽፈህ ነው ቢለኝ ሰላምታ ነው ብዬዋለሁ። ለቄሱም ለአስተማሪውም ወስደው አያስነብቡ። እሱ ራሱ አጠገብዎ ተቀምጦ፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ፣ እስከ መጨረሻው ያንብብልዎት።

ጉልበትዎን ያጽናልዎት። እህልዎን ከውርጭ፣ ከብትዎን ከበሽታ ይጠብቅልዎት። ልጅዎን ዳግመኛ ከጉያዎ አይለይብዎት። የእኔን ነገር ለእርስዎና ለእሱ ትቻለሁ።

እስከ ዛሬ ልጄ ይሉት የነበረው