አሥራ ስድስት ተብሎ የተጻፈው ነፋስ

ውድ ባለፉጨት፣

ተመራማሪዋን ልጅ በከዘራ አባረርኳት የሚባለው ውሸት ነው። ከዘራ የለኝም፤ ጉልበቴ ገና አልከዳኝም። ጡረታ የወጣው የጀልባ መካኒክ ደውሎ «ኮምፒውተር ጠላትሽ ሆነ አሉ» እያለ ሲስቅብኝ ወሬው አንተም ዘንድ እንደደረሰ ገባኝ፤ እሱ ለአንተ ሳይነግር አያድርም። እውነቱ እንዲህ ነው፦ እኔ ዘንድ ያለውን የአየር ጠባይ ጣቢያችንን ዋና ደብተር ላየው ብትለኝ ሁለት ቀን ስጪኝ አልኳት። ሁለቱ ቀን ነገ ያልቃል።

በሥራ ቦታ አንቱ እንባባል ነበር። በዚህ ዕድሜ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ፤ የምጽፈው ነገር አንቱ እየተባለ የሚጻፍ አይደለም።

ልጅቱ ከመግባቷ በፊት ጫማዋን ጠረገች፤ በዚህ ወደድኳት። ሥራዋ የዓለምን የአየር ጠባይ አስመስሎ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል መፈተን ነው። ሞዴሉ በባሕር ዳርቻ የሚነፍሰውን ነፋስ ምን ያህል እንደሚያውቀው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ካለው የደብተራችን ግልባጭ ጋር ስታስተያይ ከርማለች።

«መሃል ባሕር ላይ አይታማም፣ እማማ» አለችኝ። «ዳርቻው ሲደርስ ነው የሚምታታበት። ምድርን በአራት ማዕዘን ይከፋፍላታል። አንዱ አራት ማዕዘን ግማሹ ኮረብታ፣ ግማሹ ባሕር ሲሆንበት ያደባልቃቸዋል። ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነሣውን ነፋስ ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚነግረን።»

«እኔ ተማሪ ሆኜ ኮረብታና ባሕርን በአንድ ቀለም የቀባሁ ዕለት እጄን በማስመሪያ ተመትቻለሁ።»

«ለሞዴሉ እነግርልዎታለሁ» ብላ ሳቀች።

ወይዘሪት ማስመሪያ ብለህ ስም ያወጣህልኝ ትዝ አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልቆየም፤ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«ይቺን ጠዋት ይዩልኝ። የእርስዎ ደብተር በሴኮንድ አሥራ ስድስት ሜትር ይላል፣ ሞዴሉ ሁለት! እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም። ጥናቴን በማቀርብበት ጉባኤ ላይ የመጀመሪያ ምሳሌዬ እሷ ናት። ዋናውን ገጽ ፎቶ ላንሣው?»

ቀኑን አየሁት። ተዛውረህ የምትሄድበት ጠዋት ነበር።

ሻንጣህ በሩ ሥር ቆሟል። ደንባችን አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ ነው። አንተ መጻሕፍትህን ስታስር ብቻዬን ሰገነት ላይ ወጣሁ። የነፋስ መለኪያው ሁለት ይላል። ወርጄ አሥራ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ከአሥራ ሁለት ሲያልፍ ጀልባ አይወጣም።

ለወደቡ ስደውል አንተን የሚወስደው ጀልባ ካፒቴን ጮኸብኝ። «ኧረ እሜቴ! እዚህ የሲጋራዬ ጭስ እንኳ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው!»

«ደብተሩ የሚለው አሥራ ስድስት ነው።»

«እንግዲህ የእርስዎ ደብተር አይዋሽም» ብሎ እያጉረመረመ ዘጋው።

አንተ መስኮቱ ጋ ቆመህ ነበር። ባንዲራው እንደ ተሰጣ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሏል። ባንዲራውን አየህ። ደብተሩን አየህ። ፈረምክ። ከዚያ ሻንጣህን ከበሩ ሥር አንሥተህ ወደ ውስጥ መለስከው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ያን ሻንጣ ሳስበው ኖርኩ። አውቀህ ነው የፈረምከው? ወይስ ወይዘሪት ማስመሪያ አትሳሳትም ብለህ?

አንድ ሙሉ ቀን ሰርቄ ምን አደረግሁበት? አንተ እያፏጨህ በነፋስ የሚሽከረከሩትን የመለኪያውን ጽዋዎች ወለወልክ። ቶሎ ስለማይደርቅ ቀለም አወራን። ልናገር አሥር ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ አሥር ጊዜ «ሻይ ልጨምርልዎ?» አልኩ። በማግስቱ ሦስት ነበር፤ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። ሐቀኛ ነኝና ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ እንጂ፣ ፈርቼ ነው። ጀልባው ከዓይኔ እስኪጠፋ ሰገነት ላይ ነበርኩ፤ ፉጨትህ የተሰማኝ መሰለኝ። ያን ያህል ጸጥ ያለ ጠዋት ነበር።

እንግዲህ ባሕር አይቶ የማያውቅ ማሽን በዚያች ጠዋት ነፋስ አልነበረም ይላል። እውነቱን ነው። ዝም ብል ልጅቱ ያልታመመውን ስታክም ልትኖር ነው፤ የነገ ዓሣ አጥማጅም ልውጣ አልውጣ የሚለው በዚያ ስሌት ነው። ብናገር ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት በአንዲት ጠዋት ይጠረጠራል። የከሰዓቱ ነፋስ ላይ ትክክሎቹ እኛ ነን፤ ግን አንዴ የዋሸችን ሴት ሁለተኛ ማን ያምናታል? ደብተሬ ሲጠረጠር ማየት ከሞት አይተናነስብኝም። ቢሆንም ውሳኔዬ ልጅቱ ከደጄ ሳትርቅ አልቆ ነበር። ሁለቱን ቀን የጠየቅሁት መጀመሪያ ለአንተ ለመጻፍ ነው።

ነገ ጠዋት ተነሥቼ ደብተሩን አወጣለሁ። አሥራ ስድስት በሚለው ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር እስባለሁ፤ መፋቅ ክልክል ነው፣ የተሰረዘው መነበብ አለበት። በላዩ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። ልጅቱን ጠርቼ ገጹን አሳያታለሁ፣ ለምን እንደሆነም እነግራታለሁ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። ከዚያ ወደብ ወርጄ ከእናንተ ከተማ የሚመጣው ጀልባ በየትኛው ቀን እንደሚገባ እጠይቃለሁ። የፈረሙት ሁለቱም ካልፈረሙበት እርማት እርማት አይባልም፤ ደንቡን ታውቀዋለህ። እኔ በመስመሬ ላይ እፈርማለሁ። የአንተን ባዶ እተወዋለሁ።

ወይዘሪት ማስመሪያ