ለእንግዳ የማይታይ ማሳ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጎባ

ካልኩሌተሩ ዛሬም ጋለ። ዝናብ፣ ማዳበሪያ፣ የበሬ ብዛት፣ ከፍታ፤ አራቱን አንድ ላይ አስገብቼ የዘንድሮን ገብስ እተነብያለሁ። መልቲፕል ሪግሬሽን ይሉታል። ቢሮ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እኔም በግማሽ ነው። ዓርብ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ተፈራ ቁጥሩን በሬዲዮ ለአ.አ. ያስተላልፋል። የገበሬው የእህል ኮታ የሚቆረጠው በዚያ ነው።

ከሰዓት ውጤቱ ወጣ። አንጀት ያርሳል። የማሳዎቹ ነጥቦች የትንበያውን መስመር ተጠግተው ተኝተዋል። ጓድ ተፈራ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ኮራሁ፤ አንቺን አልዋሽሽም፣ ማስታወሻዬ።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ደስታዬ አላደረም። ስሌቱ በሬ ኖረ አልኖረ ምርቱ ያው ነው ይላል። ይህን ለገበሬ ብነግረው ይስቅብኛል። ለስሌቱ ከለካናቸው የናሙና ማሳዎች ደግሞ አንድም ክፉ የለም። ውርጭ በሚመታው ደጋ፣ አንድም።

እንደገና እንለካ አልኩት ጓድ ተፈራን። ፊቱ ተለወጠ። አምና ዝቅተኛ ቁጥር የላከው ባለሙያ በአሻጥር ተጠርጥሮ ታስሮ እስካሁን አልተፈታም፤ ይህን አስታወሰኝ። 

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ለማንም ሳልናገር ከማሳ ለኪው ከከድር ጋር ከጎባ በላይ ወዳለው ገበሬ ማኅበር ወጣሁ። ሊቀ መንበሩ ኦቦ አማን ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንደመጣን ሳይጠይቁ ወተት አቀረቡ። ከዚያ እንደ ባለፈው ጊዜ ወደ ጓሮ መሩን። ከየቤቱ ጀርባ ያለው፣ ፍግ የጠገበ ማሳ። ለካ ሁሉም ያሳየን የጓሮውን ነው።

የላይኛውን ልይ አልኳቸው። እምቢ አሉ፣ በትሕትና። ከድር በኦሮምኛ ለመናቸው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንቺ እኮ ኬሱማ፣ እንግዳ ነሽ፣ ልጄ። እንግዳ ውርጭ የበላው ማሳ ፊት አይቆምም። ነውር ነው።»

በመጨረሻ እሺ ብለው ይዘውን ወጡ። ገብሱ ነጥቷል። ዛላውን በእጄ አሸሁት፤ ገለባ ብቻ። ከድር የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ያውቅ ነበር። ክፋት አልመሰለውም። ጮህኩበት፣ ወዲያው ቆጨኝ።

የጓሮው ልክ በመሬታቸው ሁሉ ተባዝቶ ኮታ እንደሚሆን ለኦቦ አማን ነገርኳቸው። ማንም አልነገራቸውም ነበር። እንግዲያው ዘሩንም ልንሰጥ ነው አሉ። 

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ከከድር ጋር የላይ ማሳዎችን ለካሁ። ማታ አስልቼው ጨረስኩ። ነጥቦቹ ተበታትነዋል፣ ያስጠላል። በሬ ግን አሁን ክብደት አለው። ትንበያው ወደ ግማሽ ወርዷል። ያ የኮራሁበት መስመር የሰዎቹ ጨዋነት ነበር።

የአንድ ገበሬ ማኅበር ልኬት ለአውራጃው ሁሉ ይበቃል? አይበቃም። ይህንንም ጻፍኩበት። ፈራሁ። እራት አልበላሁም።

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ጓድ ተፈራ ሰው ልኮብኛል። ወደ ላይ መውጣታችንን ሰምቷል መሰል፣ የሰኞውን ወረቀት ብቻ ይዘሽ ነይ ይላል። ምድጃው ውስጥ ከትቼዋለሁ። ይዤ የምሄደው ሁለተኛውን ነው፤ በሙሉ ስሜ ፈርሜበታለሁ። ከድርም ልፈርም ብሎ ነበር፤ አራት ልጆች አሉት፣ ከለከልኩት።

ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ። ፖሊስ ጣቢያው ይበርዳል ይላሉ። አንቺን፣ ማስታወሻዬ፣ ለከድር አደራ እሰጥ—