ኢማን እንዳትሰማ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7፤ ከሥራ መልስ
እግሬ አብጧል። ሚልፒታስ ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የኮምፒውተር ቦርድ ስገጣጥም ዋልኩ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ቀኝ እጄ ቶሎ ይዝላል። ሱፐርቫይዘሯ አየት አድርጋኝ አለፈች። ቤት ገባሁ፣ ማንም የለም። እንደምን አመሸሽ እንግዲህ፣ ደብተሬ። ሌላ እንደምን አመሸህ የምለው ሰው የለኝማ።

ካንሰሩን ከጡቴ አውጥተውታል። ከዘር የመጣ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ደሜን መርምረዋል። ውጤቱ ነገ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክ. 8
ከዘር ነው።

ካውንስለሯ፣ የዘር ምርመራ አማካሪዋ፣ ደግ ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ባለፈው ስለ ቤተሰቤ ስትጠይቀኝ እኔ ሞኟ እስከ ሰባት ቤት ስም ጠራሁላት፣ አባቴ እንዳስጠናኝ። እሷ የፈለገችው በምን እንደሞቱ ነበር። አያቴ? ታማ። እናቴ? ብርድ መቷት። እማዬ ደረቷን በነጠላ አስራ ዓመት ሙሉ ብርድ ነው ስትል ኖረች። ዛሬ ገባኝ። ውይ እማዬን!

ወንድሜ ሰይድም ይሄ የዘር ችግር ሊኖረው ይችላል አለች፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ካለው ለልጁ ለኢማን ሊያስተላልፍ ይችላል። ቀድሞ ያወቀ ሰው በየጊዜው ይታያል፣ ቢመጣም ቶሎ ይያዝለታል። እኛ ለዘመድ ደውለን አንናገርም፣ ያንቺ ፈንታ ነው አለችኝ። የኔ ፈንታ!

ሐሙስ፣ ኦክ. 9
ኦክላንድ ለጋሼ ሰይድ ደወልኩ። ተሳፋሪ አውርዶ መኪናውን ጥግ ይዞ ሰማኝ። የሴት በሽታ በወንድ አይመጣም ብሎ ተከራከረኝ። ይመጣል፣ አንተንም ይነካል፣ ተመርመር አልኩት። አላህ የሸፈነውን ምን ያስገልጠኛል አለ።

ከዚያ ወደ ኢማን ጉዳይ ዞረ። ሽማግሌ መጥቶ ነገሩ አልቋል፣ ኒካሑ ከረመዷን በኋላ ነው። ይሄ ከተሰማ ዘራቸው በሽተኛ ነው ይሉናል፣ ልጄን ማን ያገባታል? ላትነግሪያት ማይልኝ አለ። "ወላሂ በይ አልኩሽ!" ደክሞኝ ነበር። ወላሂ አልኩ። አጠገቤ ሰው ቢኖር አፌን ይይዘኝ ነበር።

እሑድ፣ ኦክ. 12
ኢማን መጣች! ሳን ሆዜ ድረስ ሾርባ ይዛልኝ። አባቷ የሐሞት ጠጠር ወጣላት ብሎ ነው የነገራት። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፤ ቤቱ ሰው ሰው ሸተተ። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፣ ስናወራ ዋልን።

ፕሌዘንተን አዲስ ሥራ ይዛለች። ኢንሹራንስ ስታገኝ ዶክተር ጋ ሄዳ፣ በቤተሰብ ካንሰር አለ ወይ ተባለች። "ኖ፣ ዊ አር ሄልዚ፣ አልሐምዱሊላህ" ብያታለሁ ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ያለሁ ሰው ነኝ! ስትሰናበት ጥብቅ አድርጋ አቀፈችኝ፤ ቀኝ ጎኔን ስትነካኝ ዘለልኩ። ሐሞቱ ነው አልኳት። ሄደች። ቤቱ ጭር አለ።

ሰኞ፣ ኦክ. 13
ተናድጃለሁ። በጋሼም፣ በራሴም። ምናልባት ማወቅ አትፈልግ ይሆናል፤ መብቷ ነው። ግን አልፈልግም ለማለት እኮ መጀመሪያ ነገሩ መኖሩን መስማት አለባት። እጮኛዋ ቢተዋትስ? አክስቷ አፈረሰችው ሊባል ነው።

እኔስ እዚህ አገር ከነሱ ሌላ ማን አለኝ? ኢድን የምውለው እነሱ ቤት ነው። ጋሼ ካኮረፈኝ ስልኬ አይጮህም። ፈራሁ፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክ. 16
የመስጊዱን ኡስታዝ ጠየቅሁ፣ ስም ሳልጠራ። መሐላሽ ሰው የሚጎዳ ከሆነ አፍርሺው፣ ከፋራውን፣ የመሐላ ማፍረሻ ካሳውን፣ አውጪ፣ አስር ሚስኪን አብዪ አለኝ። ሚስኪን እዚህም ሞልቷል፣ ድንኳናቸውን በየመንገዱ አያለሁ። ግን በቋንቋዬ ዱአ እንዲደረግልኝ አማረኝ። ኮምቦልቻ ለአጎቴ ልጅ ለኡመር ደወልኩ፣ አብላልኝ ብዬ። ምን ምለሽ ነው? አለኝ። ብሩን ዛሬ እልክልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ።

አርብ፣ ኦክ. 17
ኡመር ደወለ። አስሩም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በልተዋል። አንዲት እናት ሁለቴ አስጨምረው፣ ያሰበችውን አላህ ያግራላት ብለው መረቁኝ አሉ። የማያውቁኝ ሰው! አለቀስኩ።

ሳልቀዘቅዝ ለጋሼ ደወልኩ። ከፋራዬን አውጥቻለሁ፣ ኢማን ነገ ትመጣለች፣ እነግራታለሁ። ከአባቷ አፍ ብትሰማው ይሻላት ነበርና ዛሬ አንተው ንገራት አልኩት። ጮኸብኝ። እህት የለኝም አለ። ዘጋው።

ቅዳሜ፣ ኦክ. 18፤ ረፋድ
ሦስቴ ደወልኩለት። አያነሳም። እህት የለኝም ይበለኝ? እኔን?

የኢማን መኪና ከታች ቆመ። በመስኮት እያየሁ ነው የምጽፈው። ጋሼ ከጎኗ ተቀምጧል! ነግሯት ይሁን፣ ሊያስቆመኝ ይሁን፣ አላውቅም። እሷ ወረደች። እሱ ቀበቶውን አልፈታም። ወደዚህም አያይም።

ወርጄ የሱን በር እከፍታለሁ። ና ግባ፣ ጋሼ፣ አብረን እንንገራት እለዋለሁ። ባይገባም እነግራታለሁ።