የመቂው ሽንኩርት ማሳ ዛሬም ላንቺ ይጽፋል

ሰኒዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን ዓመት አልፎናል፤ ያላንቺ ሁለተኛውን ክረምትም ጨርሰናል። ሙት ዓመትሽን እናትሽ እንደፈለጉት አወጣን። የመጣው ሰው ሁሉ «ከእንግዲህ ልብህን አሳርፍ» ብሎኝ ሄደ። ልቤ ግን አላረፈም። ይህን የምጽፍልሽ እንኳ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው፤ ብቀመጥ ወዲያው እንደምነሳ ስለማውቅ።

ልጅሽ ሊዲያ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ እየወጡ ነው። ስምሽን ስትጠራ «ሰ»ዋ ያፏጭባትና ራሷ ትስቃለች። የምትተኛው በአንቺ በኩል ነው። ጸጉሯን መሥራት ተምሬያለሁ፣ መስመሩ ግን ይጣመምብኛል፤ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ጠብቀው ያስተካክሉልኛል። ሥራው ያው ነው፤ መርካቶ፣ ያችው ሱቅ፣ የተሰበረ ስክሪን መቀየር። ነገር ግን ደንበኛ ፊቴ ቆሞ፣ ስልኩን ፈታትቼ፣ ድንገት ብድግ ብዬ እወጣለሁ። በሸማ ተራ ዞሬ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄጄ እመለሳለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ሰውየው ሲቆጣ «ይቅርታ ጌታው፣ ዕቃ ላመጣ ወጥቼ ነው» እላለሁ።

ማስተርስ መግባትሽን የነገርሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? መቂ በልማት ሠራተኝነት ቆይተሽ መመለስሽ ነበር። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሽልኝ። «ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለዘላቂ ግብርና» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩና «እንግዲህ ሽንኩርት በኮምፒውተር ልታበቅዪ ነው?» አልኩሽ። «አይደለም፤ ሽንኩርቱ ውሃ ሲጠማው በስልክ እንዲናገር ላደርግ ነው። ዕቃውን የምትሠራልኝ ደግሞ አንተ ነህ» አልሽኝ። የቀለድሽ መስሎኝ ነበር። ማታውን ግን ገበሬው ጎረቤቱ ሲያጠጣ እያየ እንደሚያጠጣ፣ ለውሃ ሞተሩ ነዳጅ እንደሚጨርስ፣ አጠገባቸው ያለው ሐይቅ እየሸሸ፣ የተትረፈረፈ ውሃ የጠጣው መሬትም ጨው እያወጣ መሆኑን ስትነግሪኝ አመሸሽ። ያኔ ገባኝ።

ከምናለሽ ተራ አሮጌ የሶላር መብራቶችና ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ለቃቀምን። እኔ የአፈር እርጥበት መለኪያውን በየድኩ፣ አንቺ የመቂ አፈር በቆርቆሮ ሞልተሽ ሱቁ ውስጥ እየደረደርሽ ፈተንሽ። ደንበኞች «ምነው፣ አበባ መሸጥ ጀመርክ እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ፣ አንቺ ስልካቸው እስኪጠገን በቁም ነገር ታስረጂያቸው ነበር።

መለኪያዎቹን የቀበርነው በአዴ ጫልቱ ማሳ ላይ ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሽንኩርቱን ብቻቸውን በሚያለሙት ሴት መሬት። አፈሩ ሲደርቅ ወይም ሲረጥብ ስልክሽ ላይ አጭር መልእክት ይገባል፤ አንቺ ትደውያለሽ። «አዴ፣ ዛሬ ይጠጣ።» ወይም «አዴ፣ ዛሬ ይቆይ።» የመጀመሪያው ሽንኩርት እንዲህ ሆኖ ሲደርስ የጨፈርሽውን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

ሕመምሽ ጊዜ አልሰጠንም። ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳ ስልክሽን ከትራስ ስር እያወጣሽ ታዪ ነበር። ነርሷ ልትወስድብሽ ስትል «አንድ ጊዜ እህቴ፣ ሽንኩርቴን ውሃ ጠምቶት ነው» አልሻት። እሷ ሳቀች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አዴ ጫልቱ ለቅሶ መጥተው ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ዋሉ። ሲሄዱ በር ላይ ክንዴን ያዙና «መሣሪያውን ልትነቅለው ነው?» አሉኝ። «አይ አዴ፣ ይቆይ» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ስልክሽ ጨርሶ ዝም እንዳይል ፈርቼ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ስልክሽን ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ካርድ እሞላለሁ። መልእክት በገባ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ላንቺ መጻፉን ያልተወው ያ መሬት ብቻ ስለሆነ። ከዚያ ልክ እንዳንቺ እደውላለሁ። «አዴ፣ ይጠጣ።» «አዴ፣ ይቆይ።»

ባለፈው በጋ አንዱ መለኪያ «እርጥብ» ማለት ጀመረ። በማግስቱም እርጥብ፣ ከዚያም በኋላ እርጥብ። እኔም «ይቆይ» እያልኩ ቀጠልኩ። ውስጤ ግን አልተቀበለውም። አንድ ጠዋት ሊዲያን ትምህርት ቤት አድርሼ በአትክልት ተራ ሳልፍ ሽንኩርት ከመኪና የሚያወርዱ ሰዎች «ያ የመቂ አገር ዘንድሮ ተቃጠለ፣ ሰማዩ እኮ እሳት ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። ሱቁን ሳልከፍት፣ እትዬ አልማዝ ሊዲያን እንዲቀበሉልኝ ደውዬ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄጄ የመቂ መኪና ያዝኩ። ሹፌሩ ሞጆ ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲቆም ልጣላው ምንም አልቀረኝም።

ስደርስ አዴ ጫልቱ ማሳው ላይ ቆመዋል። በማሳው ጥግ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። በእጃችን ቆፈርን፤ አፈሩ እንደ ዱቄት ይበናል። በመደቡ ጠርዝ ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፣ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

«አዴ፣ ሲደርቅ እያዩ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ሰናይት ይቆይ ብላኝ ቆይቶ የከሰርኩበት ጊዜ የለም። የእሷ ዕቃ ነው ብዬ አመንኩ» አሉኝ።

ሞተሩን አስነስተን እስኪመሽ አጠጣን። ጥጉ አልዳነም፤ ሌላው ተረፈ። መለኪያውን ነቅዬ ይዤው ልሄድ ጎንበስ ስል አዴ ጫልቱ ከኋላዬ፣ «አንተ ዕቃውን መሥራት ትችላለህ። እሷ ደግሞ ዕቃው የሚለው ይገባት ነበር። አሁን ማን ይንገረኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። እጄን ሰበሰብኩ፤ መለኪያውን እዚያው ተውኩት።

በሳምንቱ ትምህርት ክፍልሽ ሄጄ አማካሪሽን «ጥናቷን ልጨርስላት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የእሷ ጥናት የእሷ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም» አሉኝ። ልወጣ ስነሳ «ለመሆኑ አንተ የመጀመሪያ ዲግሪህ በምንድን ነው?» አሉ። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና መሆኑን፣ ካገኘሁት ወዲህም አውጥቼ እንዳላየሁት ነገርኳቸው። «እንግዲያው ተፈትነህ ግባ» አሉኝ። ተፈተንኩ። ገባሁ ሰኒ! አንቺ የተማርሽበት ክፍል ነው የምማረው።

ቀላል እንዳይመስልሽ። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ፤ «ጋሼ» ይሉኛል። ስለ አፈር ሲወራ ቋንቋው የማይገባኝ አገር የገባሁ ይመስለኛል። ሊዲያ ራት ላይ «አባ፣ የቤት ሥራህን ሠራህ?» ትለኛለች፣ ልክ እንዳንቺ ቅንድቧን ሰቅላ።

አንድ ቀን መምህሩ ስለ ጨዋማ አፈር ሲያስተምሩ፣ ጨው የበዛበት አፈር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ርካሽ መለኪያዎችን እንደሚያሳስት፣ ደረቁን እርጥብ ብለው እንዲያነቡ እንደሚያደርግ ተናገሩ። ያ ነጭ ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ዕቃችን አልተበላሸም ነበር! አንቺ ስትፈሪው የኖርሽው ጨው ደርሶ ኖሯል። ደስ ብሎኝ ልነግርሽ ዞር ስል፣ ከጎኔ የተቀመጠው ስሙን እንኳ የማላውቀው ተማሪ ነው። ደብተሬን ትቼ ወጣሁ። ክፍሉ እስኪበተን ግቢውን ስዞር ቆየሁ።

አፈሩን አስመረመርኩ፤ ጨው ነው። አሁን እርጥበቱንም ጨውንም ለየብቻ የሚለካ ዕቃ እየሠራሁ ነው። ሁለቱ ሳይሠሩ ተቃጠሉብኝ፣ ሦስተኛው እየሠራ ነው። አዴ ጫልቱ የጠፋውን ጥግ «እዚህ እንደፈለግህ ሞክር» ብለው ለቀቁልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሊዲያን ይዣት ሄድኩ። «እማዬ የት ጋ ነበር የምትቆመው?» ብላ ጠየቀቻቸው። አዴ ጫልቱ እጇን ይዘው ቦዩ ዳር ወሰዷት፤ አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ ትገቢ እንደነበር ሲነግሯት እሷም አወለቀች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ወደ ሞተሩ ሄድኩ፣ የሚሠራ ሥራ ያለኝ መስዬ።

ሰኒ፣ አሁንም መቀመጥ አልቻልኩም። ዕረፍቱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ የምቸኩልበትን ግን አውቄዋለሁ። በሚመጣው ሳምንት የጥናት ሐሳቤን መምህራኑ ፊት ቆሜ አቀርባለሁ። ይህን ጥያቄ ከየት አገኘኸው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «የባለቤቴ ጥያቄ ነው፤ ስሟ ሰናይት ነው» እላቸዋለሁ። ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ በሄድኩበት ማሳ ሁሉ፣ ለጠየቀኝ ገበሬ ሁሉ፣ አንደበቴ እስከሠራ ድረስ መልሴ ይኸው ነው።

ያንቺው