ዓርብ ዓርብ ደሳለኝ ነኝ

እሑድ፣ ከሰዓት

ደሴ፣ ሻንጣህ አሁንም አልተዘጋም። ና ተቀመጥበት። የኔን በጉልበቴ ተጭኜ ዘጋሁት፤ ያንተ ግን ያንተን ክብደት ይፈልጋል። እማዬ ሰማያዊ ሹራብህን ለሦስተኛ ጊዜ አውጥታ አጠፈችው። ቤርሼባ ይበርዳል ወይ አለችኝ። በረሃ ነው አልኳት። በረሃም ቢሆን ሲመሽ ይበርዳል አለች። መልሳ ከተተችው።

አንተ ብትኖር ትስቅባት ነበር። ና እንጂ።

ሰኞ

ደብተሬ፣ ትናንት የጻፍኩት ለሞተው ወንድሜ ነው። አላበድኩም። አውቃለሁ። ከሞተ ሦስት ወሩ። ኢንዱስትሪ ዞን፣ መጋዘን ሲሠራ ውሎ በቆርኪኔቱ፣ በዚያ ቆመው በሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ፣ ሲመለስ መኪና ገጨው። ከዚያ ወዲህ ቆርኪኔት ላይ የቆመ ሰው ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ቤት ሊደርስ የቀሩት ሁለት መንገዶች ብቻ ነበሩ።

አንቺን የገዛሽ እሱ ነው፤ ከሐደራ ገበያ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ደብተር፣ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለኔ። ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ነበር የገዛነው። ሁለት ብርድ ልብስ። ሁለት ፎጣ። አንድ ኮሌጅ፣ አንድ መኝታ ክፍል። እሱ ወታደርነቱን ጨርሶ አንደኛ ዓመት ሊጀምር፣ እኔ እዚያው ግቢ አሥራ ሦስተኛ ክፍልን ልማር። ታንኮራፋለህ ብሎ የጆሮ መድፈኛ ሁሉ ገዝቶ ነበር። ጥንዱን አገኘሁት። አልተከፈተም።

በአማርኛ የምጽፍብሽ፣ በዕብራይስጥ ከሆነ መዖኖት፣ የኮሌጁ ማደሪያ ውስጥ፣ ያለ ተማሪ ሁሉ ያነብሻል ብዬ ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ከት/ቤት ወረቀት ሊያመጣ ሄዶ ምንም ሳይዝ የተመለሰ እኔ ነኝ። በሩ ላይ ደርሼ ለምን እንደመጣሁ ጠፋብኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም አልነገርኩም።

ሁለታችንንም ያሳደገን፣ ፊደል ያስቆጠረን፣ አባባ ነው፤ የእማዬ አባት። ጎንደር ነው ያለው፣ ከአክስቴ ከጥሩወርቅ ጋራ። ወደዚህ ወደ እስራኤል መምጫውን እየጠበቀ። ነገ ነው ይሉታል፣ ይቀራል። ዓይኑ ደክሟል፤ ልቡም። ደሴ ሲሞት መርዶው አልተነገረውም። በስልክ አይነገርም፤ ንጋት ላይ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገር። እማዬ ደግሞ እስኪመጣ ይቆይ አለች። አክስቴ ታውቃለች። እሱ ብቻ ነው የማያውቀው።

ለሐዘኑ ሰባት ቀን መሬት የተቀመጥን ሳምንት፣ ዓርብ፣ የደሴ ስልክ ጠራ። አባባ። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ይመርቀው ነበር። አነሳሁት። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። ደሳለኝ? አለኝ።

አቤት አልኩ።

ድምፃችን አንድ ነው። ከጎረመስኩ ወዲህ እማዬም ትሳሳት ነበር።

ያኔ በሩ ጋራ ቆማ ሰማችኝ። አልተቆጣችም። በሚቀጥለው ዓርብ ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ራሷ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳወራ ትመጣለች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ 15:30



አባባ ደወለ። መረቀኝ። ኮሌጅ ስትገባ ከሴት ልጅ በፊት መጽሐፉን እቀፍ አለ፣ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ስንታየሁን አቅርበው አለኝ። ስንታየሁ እኔ ነኝ። ገበያ ሄዷል አልኩት።

“ባለፈው እንቅልፍ፣ ከዚያ በፊት ኳስ፣ ዛሬ ገበያ። ይሄ ልጅ የሚጠፋው እኔ ስደውል ብቻ ነው?”

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

“ደሳለኝ፣ እኔ መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ የማላውቅ መሰለህ? ለስንቱ ደብቄያለሁ። ልጁ አለ?”

አለ አልኩት።

“ደሳለኝ ይሙት በለኝ።”

አፌ ተከፈተ። ቃሉ አልወጣም። ደሳለኝ ይሙት። ሰው በቀን አሥር ጊዜ የሚምለው መሐላ። እዚያ ማዶ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ዘጋሁት። መስመሩ ተቆረጠ እንዲል።

ሽማግሌው አሁን ለኔ እያለቀሰ ነው። በሕይወት ላለሁት።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

አክስቴ ደወለች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ስንቴ ስንቴ እያለ እኔን ይጠራል። እሷ ደግሞ እውነቱን ትናገር፣ አለመናገሩን ትቀጥል፣ ግራ ገብቷታል።

እማዬን እንንገረው አልኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። ውኃውን አልዘጋችም።

“ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ምን ልስማ?” አለች።

  እሷን ላድን፣ ወይስ እሱን? አንዱን መግደሌ አይቀርም። ደሴ ቢኖር ያውቅበት ነበር፤ ደሴ ቢኖርማ ጥያቄውስ ከየት ይመጣል።

እሑድ፣ 17:00፣ መዖኖት

ደረስኩ።

እማዬ እስከ ባቡር ጣቢያ መጣች። ሁለቱንም ሻንጣ ውሰድ አለች፤ ያንዱ ቤት መቅረት አልሆነላትም። ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ የደሴን ሻንጣ እጀታ ያዘች። በሩ ሊዘጋ ሲል ነው የለቀቀችው። ጎትቼው ስገባ አንድ ሰውዬ ምን ብትሸከም ነው ብሎ ቀለደ። 

እዚህ ቢሮ ያለችው ልጅ ዝርዝሩን አየች። የሁለታችንም ስም አለ። ማንም አልሰረዘውም፤ ለካ ማናችንም አላሳወቅን። ወንድምህስ? አለችኝ። ነገ ይመጣል አልኳት። ደሞ! ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ለሱም ፈርም አለች፣ ፈረምኩ። ሁለት ቁልፍ ሰጠችኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። በሩ ላይ ስማችን አለ፣ የሱ ከላይ። ሁለት አልጋ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ፍራሹ ፕላስቲኩ አልወለቀም። የመስኮቱን አልጋ ለሱ ተውኩ። ለማን እንደምተው አላውቅም።

ለአባባ ሞቻለሁ። ለቢሮዋ ልጅ እሱ አለ። ደብተሬ፣ እንዲህ ከቀጠልኩ እኔ የት ነው የምሆነው?

ሰኞ፣ 10:00

ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት። የሠራሁትን ልጻፍ፣ ከዚያ ላቁም።

5:40 ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ለእማዬ ደወልኩ፤ ወደ ሥራ እየወጣች፣ ፌርማታ ላይ ናት። ዛሬ ልነግረው ነው አልኳት። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰማሁ። ሲሄድም ሰማሁ። አልተሳፈረችም።

“በል” አለች። “ብቻውን እንዳይሆን እንጂ። ሰው ይኑር።”

በደሴ ስልክ ለአክስቴ ደወልኩ። አለቀሰች። ሦስት ወር ብቻዬን ይዤው አለች። ቆይ፣ ሰው ልጥራ አለች። ጠበቅሁ። ጫማ አስሬ አልጋው ጫፍ ላይ። 6:30 መልሳ ደወለች። ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ማንም ድምፅ አላሰማም። ስልኩን እጁ ላይ አደረገችለት።

“አባባ፣ ስንታየሁ ነኝ።”

“ተመስገን! አለህ? አንተ ቀበጥ፣ አለህ እንዴ?”

ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።

“ታዲያ ዓርብ ዓርብ የማወራው ከማን ጋራ ነበር?”

“ከኔ ጋራ ነበር፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።”

ሌላ አልጠየቀኝም። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ሰዎቹ ገቡ። ከዚያ ለቅሶው።

ስልኩን አልዘጋሁትም። ጫማዬን አወለቅኩ። የደሴን ፍራሽ አውርጄ መሬት ላይ አደረግሁና ተቀመጥኩ፤ ስልኩ አጠገቤ። እዚያ ሲያለቅሱ እዚህ አለቀስኩ። የመጀመሪያ ትምህርቴ 8:30 ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሲሯሯጡ ሰማሁ። አልወጣሁም።

9:20 ላይ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። እማዬ በኔ ስልክ ደወለች። አለቀሰ? አለች። አለቀሰ አልኳት። የደሴን ቻርጀር ቤት ረስተኸዋል አለች፤ ልላክልህ?

ተዪው አልኳት።